ትኩስ አበባን ለእጅ ሥራ የማድረቅ አሠራር፦ መጫን፣ መቅበር፣ ማንጠልጠል

አበባ አድርቄ ካርድና የግድግዳ ጌጥ ስለምሠራ ሦስት ጥያቄዎች በየጊዜው ይመላለሱብኛል፦ የሠርግ እቅፍ አበባ ሳይበሰብስ እንዴት ይቆያል፣ ለእንቁጣጣሽ ካርድ መጽሐፍ ውስጥ የገባ አደይ አበባ ለምን ቡናማ ይሆናል፣ በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተፈስሶ እንደ መስታወት በሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ የተቀመጠ ጽጌረዳስ ለምን ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል። የሦስቱም መልስ ከአንድ ነገር ይነሣል፤ ውሃው ከአበባው የወጣው ዘግይቶ ነው፣ ወይም ጨርሶ አልወጣም።

አበባ ከተቆረጠ በኋላም በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን አያቆሙም። አበባው እርጥብ ሆኖ በቆየ መጠን፣ በተለይም የተጨማደደ ወይም በጣት የተቀጠቀጠ ቦታ ካለው፣ አየር እንዳገኘው የተላጠ ድንች ይጠቁራል። እርጥበቱ ለቀናት ሲታፈን ሻጋታ ይከተላል፤ ብርሃን ደግሞ ከደረቀም በኋላ ቀለሙን እየመጠጠ ያነጣዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ከሦስት ሥራዎች አንዱን የሚሠራ ነው፦ ውሃውን ቶሎ ማስወጣት፣ ቅርጹን ደግፎ መያዝ፣ ቀለሙን ከብርሃን መሸሸግ። እርምጃው ለምን እንደሚደረግ ካወቁ፣ የተባለው ዕቃ ባይገኝ እንኳ በእጅዎ ባለው ተክተው መሥራት አያቅትዎትም።

የትኛው ዘዴ ለየትኛው አበባ

ስስና ጠፍጣፋ አበባ፣ ማለትም አደይ አበባ፣ ትንንሽ የሜዳ አበቦችና ነጠላ የጽጌረዳ የአበባ ቅጠሎች፣ በወረቀት መካከል ተጭነው ይደርቃሉ። ቅርጹ ሙሉ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለግ ወፍራም አበባ፣ ለምሳሌ ሙሉ ጽጌረዳ፣ በሲሊካ ጄል (እርጥበት በሚመጥ ፍሬ) ወይም በደቃቅ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። በተፈጥሮው ደረቅ የሆነው፣ እንደ ሊሞኒየም (ጥቃቅን ሐምራዊ አበባ) እና ጂፕሶፊላ (በእቅፍ አበባ መካከል የሚገባ ጥቃቅን ነጭ አበባ) ያለው፣ ተንጠልጥሎ ብቻ ይደርቃል። ለማጀቢያ የሚሆኑ አረንጓዴ ቅጠሎች፣ ለምሳሌ ባሕር ዛፍ፣ ከማድረቅ ይልቅ ግሊሰሪን (ቅጠሉን ለስላሳ አድርጎ የሚያቆይ ወፍራም ፈሳሽ) ቢጠጡ ይሻላቸዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሁሉም ዘዴ፦ ስለታም መቀስ፣ ወረንጦ፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ የእጅ ጓንት፣ ቀንና የአበባውን ዓይነት የሚጽፉበት እርሳስና ወረቀት።

ለመጫን፦ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ለስላሳ ጣውላዎች (30 በ20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል)፣ የካርቶን ቁርጥራጮች፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ነጭ ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ውሃ የተሞሉ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች።

ለመቅበር፦ ደቃቅ ሲሊካ ጄል ከነ ክዳኑ በደንብ ከሚዘጋ ዕቃ ጋር፣ ወይም የተነፋና የታጠበ አሸዋ ከካርቶን ሣጥን ጋር፤ ቀጭን ሽቦ፣ ፕላስተር፣ ማንኪያ።

ለማንጠልጠል፦ የገንዘብ ላስቲክ፣ ሲባጎ፣ ሚስማር ወይም የልብስ መስቀያ።

ለቅጠል፦ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ንጹሕ ግሊሰሪን፣ ጠባብ የመስታወት ብልቃጥ።

ስለ ሲሊካ ጄል አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በጫማ ሣጥንና በቦርሳ ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ ከረጢቶች አጠራቅመው አበባ ሊቀብሩባቸው የሚሞክሩ ብዙዎች ናቸው። በከረጢቶቹ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ትልልቅ ስለሆኑ በአበባው ቅጠል ላይ ጉድጓድ ይተዋሉ፤ ከመቅበሪያነት ይልቅ ለኋላ ማከማቻ ያገለግላሉ። ፍሬዎቹን ፈጭቶ ማድቀቅም አይገባም፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነው። ለአበባ የሚሆነው እንደ ስኳር የደቀቀው ዓይነት ነው። እርጥበት ሲጠግብ ቀለም የሚቀይረውን ሲመርጡ ሰማያዊውን ትተው ብርቱካንማውን ይውሰዱ፤ ሰማያዊው ቀለሙን የሚያገኘው ከኮባልት ክሎራይድ ሲሆን እሱም መርዛማ ነው።

አበባውን መምረጥና መቁረጥ

1. ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይቁረጡ። ጤዛው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ የተቆረጠው ደግሞ ስለሚጠወልግ ቅርጹን አይዝም። ዝናብ ከጣለ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይታገሡ። በአበባው ላይ የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታ ከደረቀ በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆና ትታያለች።

2. ገና ሙሉ በሙሉ ያልተከፈተውን ይምረጡ። አበባ እየደረቀም መከፈቱን ትንሽ ይቀጥላል፤ ፈክቶ ያለቀው ግን ቅጠሎቹ ከመቀመጫቸው ለመርገፍ ተዘጋጅተዋል፤ ሲደርቅ ይበተናል። ለዚህም ነው የሠርግ እቅፍ አበባ ሲሆን በማግሥቱ መጀመር የሚገባው። ሳምንት በውሃ ከቆየ በኋላ ለማድረቅ የሚወጣ አበባ ከተደከመበትም ጥሩ ውጤት አይሰጥም።

3. ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ውሃ አጠጥተው ያድርቁት። ጽጌረዳው ጠውልጎ ከደረሰዎት ዘንጉን በሰያፍ ቆርጠው ለጥቂት ሰዓታት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ ቅጠሎቹ ሲወጠሩ አውጥተው ዘንጉን በጨርቅ ያብሱ። ከእርሻ የመጣ አበባ ፀረ ተባይ የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል በጓንት መያዝና እጅን መታጠብ ይገባል። ለምግብ ወይም ለሻይ የሚሆን አይደለም።

ጥንቃቄ፦ ከሜዳ ሲለቅሙ የማያውቁትን ተክል በባዶ እጅ አይንኩ። የቁልቋል ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። አጤ ፋሪስ በሁሉም ክፍሉ መርዛማ ነው፤ ደርቆም መርዙ አይጠፋም፤ አበባው ቢያምርም ሕፃናት በሚደርሱበት ሥራ ላይ አይግባ።

ሀ. መጫን፦ አደይ አበባን እንደ ምሳሌ

አደይ አበባ ከጳጉሜን ጀምሮ እስከ መስቀል ማግሥት ድረስ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው። ችግሩ የሚፈካበት ወቅት ነው፤ የክረምቱ እርጥበት ከቤት ገና አልወጣም፣ ወረቀቱ ራሱ ረጥቧል። መሐሉ ያለው እምብርት ደግሞ ከዙሪያው ቅጠሎች ይልቅ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ሁለቱንም መላ ሳይሉ አበባውን በመዝገበ ቃላት ውስጥ አስገብቶ መርሳት ነው ቡናማ የሚያደርገው።

1. ወረቀቱን አስቀድመው ያድርቁ። ጋዜጣውንና ካርቶኑን ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ ፀሐይ ከሌለ እንፋሎቱ በተዘጋ ካውያ ይተኩሱት። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በተዘጋ ፌስታል ውስጥ ያቆዩት። እርጥብ ወረቀት ከአበባ ውሃ ሊመጥ አይችልም።

2. ዘንጉን ከአበባው ሥር አስጠግተው ይቁረጡ። ዘንጉ በካርዱ ላይ እንዲታይ ከፈለጉ ለብቻው ይጫኑትና ሲለጠፍ ይገናኙ።

3. አበባውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው በነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ እምብርቱን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ይጫኑት። ከዚያ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ የእምብርቱን ያህል ቀዳዳ አውጥተው በአበባው ጀርባ ላይ እንደ ቀለበት ያድርጉት፤ እምብርቱ በቀዳዳው ይወጣል፣ ወረቀቱ በቅጠሎቹ ላይ ያርፋል። የቀለበቱ ውፍረት ከእምብርቱ ጋር እስኪመጣጠን ሁለትና ሦስት መደረብ ይቻላል። ይህ ካልተደረገ ክብደቱ ሁሉ በእምብርቱ ላይ ያርፍና ቅጠሎቹ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ያልተነካ ቅጠል ደግሞ ይሸበሸባል።

4. ነጩን ወረቀት ያጥፉበት፤ ከላይና ከታች ከሦስት እስከ አራት ገጽ ጋዜጣ፣ ከዚያ ካርቶን ያድርጉ። ጋዜጣው አበባውን በቀጥታ እንዲነካው አይገባም፤ ቀለሙ ይተላለፋል። ሶፍትም ቢሆን የተቀረጸበት ንድፍ ካለው በአበባው ላይ ይታተማል። አበቦቹ እርስ በርስ አይነካኩ፣ በአንድ ንብርብር ውስጥም ወፍራሙና ስሱ አይደባለቁ።

5. በሁለቱ ጣውላዎች መካከል አስገብተው ሁለቱን ጀሪካኖች ይጫኑ። 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ለዚህ ስፋት በቂ ነው። የሚጠቀሙበት ማሰሪያ ያለው መጫኛ ከሆነ፣ አበባው እየሳሳ ሲሄድ ስለሚላላ በየሁለት ቀኑ ብሎኑን ያጥብቁ።

6. ከ24 ሰዓት በኋላ ጋዜጣውንና ካርቶኑን ብቻ ይቀይሩ። አበባው ያለበት ነጭ ወረቀት እንደ ታጠፈ ይውጣና እንደ ታጠፈ ይመለስ። በዚህ ሰዓት ቅጠሎቹ እርጥብ ጨርቅ ያህል የላሉ ናቸው፤ ከፍተው ልየው ያሉ እንደሆነ ይታጠፋሉ፣ ዳግመኛም አይቃኑም። ከሁሉም እርምጃ የሚዘለለው ይህኛው ነው፤ ለቀለሙ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው፤ አብዛኛው ውሃ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነውና። ከዚያ ለአንድ ሳምንት በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። የወጣውን ጋዜጣ አድርቀው መልሰው መጠቀም ይችላሉ።

7. ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ አራት ሊወስድ ይችላል። መድረሱን ለማወቅ አንዱን አበባ በወረንጦ ከጠርዙ ያንሡት። ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ከተነሣ ደርቋል። ጠርዙ ከተንጠለጠለ ወይም እምብርቱ ከንፈርዎን ሲያስነኩት ከቀዘቀዘ ውሃ አለው፤ ይመለስ።

ለነገ የሚደርስ ካርድ ካለብዎ ካውያ ያግዛል። አበባውን አንድ ሌሊት ከተጫነ በኋላ በሁለት ነጭ ወረቀቶች መካከል አድርገው፣ እንፋሎት በሌለው ዝቅተኛ ሙቀት ለ10 ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ ይጫኑ፤ ያንሡና እርጥበቱ እስኪተን ጠብቀው ይድገሙት። ካውያውን እየገፉ መተኮስ ቅጠሉን ይቀደዋል።

ለ. መቅበር፦ ሙሉ ጽጌረዳ

1. ዘንጉን ከአበባው ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡ። በኋላ ሰው ሠራሽ ዘንግ የሚያስፈልገው ከሆነ ቀጭኑን ሽቦ አሁኑኑ ከሥር ወደ መቀመጫው (ቅጠሎቹ ወደተያያዙበት የአበባው ሥር) ያስገቡት። መቀመጫው እየደረቀ ሲጨመደድ ሽቦውን ይነክሰዋል። ከደረቀ በኋላ ማስገባት ግን አበባውን ይሰነጥቀዋል።

2. በዕቃው ወለል ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሊካ ጄል ያፍስሱ፤ አበባውን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙት።

3. በማንኪያ መጀመሪያ ከአበባው ውጭ ዙሪያውን፣ ከዚያ በቅጠሎቹ መካከል ይጨምሩ። የውስጡና የውጭው ከፍታ ሁልጊዜ እኩል እየሆነ ይሂድ። ውጭው ከበለጠ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ይጨፈለቃሉ፣ ውስጡ ከበለጠ ደግሞ ይገለበጣሉ። ዕቃውን በጣት መታ መታ ማድረግ ፍሬው ወደ ክፍተቱ እንዲገባ ያደርጋል። አበባው የሚደርቀው በያዙት ቅርጽ ስለሆነ እዚህ ላይ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት የሚያስቆጭ አይደለም።

4. አበባው ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ በኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ይደርቡ፤ ክዳኑን ዘግተው ጠርዙን በፕላስተር ያሽጉ። ሲሊካ ጄል ከክፍሉ አየርም እርጥበት ይስባል፤ ክፍት ከተተወ አበባውን ሳይሆን ቤቱን ያደርቃል። ቀኑን ጽፈው ይለጥፉበት።

5. ጽጌረዳን ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ስስ አበቦችን ከ2 እስከ 4 ቀን ያቆዩ። ከላይ ያለውን ጥቂት ገልጠው የአንዱን ቅጠል ጫፍ ይንኩ፤ እንደ ስስ ወረቀት ከኮሻኮሸ ደርሷል። ከሚገባው በላይ ከቆየ ግን እጅ ሲነካው ይፈርሳል።

6. ዕቃውን ቀስ ብለው እያዘነበሉ ፍሬውን ወደ ሌላ ዕቃ ያፍስሱ፤ አበባው ሲገለጥ ከሥሩ በሁለት ጣት ደግፈው ይቀበሉት እንጂ ከላይ አይሳቡት። የቀረውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ።

7. መቀመጫውን ይፈትሹ። ቅጠሉ ብዙ የሆነ ጽጌረዳ ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ቅጠሎቹ የሚረግፉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚያጠራጥር ከሆነ አበባውን ሳይቀብሩ በሲሊካ ጄሉ ላይ ብቻ አቁመው ዕቃውን ለተጨማሪ ሁለት ቀናት ይዝጉት። የወለቀ ቅጠል ቢኖር በጥርስ መፈልፈያ ጫፍ በተነከረ ኮላ ይመለሳል።

ብርቱካንማው ሲሊካ ጄል ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ጠግቧል። ለምግብ በማይውል ትሪ ላይ በስሱ አስጥተው በ120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ካቆዩት ቀለሙ ይመለሳል፤ ደጋግሞ ያገለግላል። በምጣድ ላይ ማመስ ሙቀቱን ለመቆጣጠር ስለማያስችል አልመክረውም። ሲያፈስሱ ብናኝ ስለሚነሣ ማስክ ያድርጉ።

በአሸዋ ለሚሠሩ

ዋጋው እጅግ የረከሰው ዘዴ ይህ ነው፤ በትዕግሥት ከተሠራ ውጤቱም ያኮራል። ነገር ግን አሠራሩ በአንድ ነገር ከላይኛው ጋር ይጻረራል፤ ያንን ያልተረዳ ሰው አበባውን ያበሰብሳል። አሸዋ ውሃ አይመጥም። ሥራው ቅርጹን ደግፎ መያዝ ብቻ ነው፤ ውሃው በአሸዋው መሐል አልፎ ወደ አየር መውጣት አለበት። ስለዚህ ሣጥኑ የካርቶን ይሁን፣ ከላይም ክፍት ይቀመጥ። በክዳን የታፈነ አሸዋ ሻጋታ ያበቅላል።

አሸዋውን በደቃቅ ወንፊት ይንፉት፤ የሚፈስሰው ውሃ ጥርት እስኪል ይጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። አቀባበሩ ከላይ እንደተገለጸው ነው፣ ጊዜው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። አሸዋ ከባድ ስለሆነ ለጠንካራ ቅጠሎች እንጂ ለስስ አበባ አይሆንም። ጨው ይተካዋል ወይ ለሚሉ፦ ጨው በእርጥብ አየር ራሱ ይረጥባል፣ ሽቦውንም ያዝገዋል። ሩዝም ውሃ የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው።

ሐ. ማንጠልጠል

1. የታችኞቹን ቅጠሎች ያራግፉ፤ ከ5 እስከ 8 ዘንግ በአንድ ላይ አድርገው በላስቲክ ይሰሩ። ሲባጎ ዘንጎቹ ሲቀጥኑ ይላላና አበቦቹ ይወድቃሉ፤ ላስቲክ ግን አብሯቸው ይኮማተራል። የአበቦቹን ራስ ከፍና ዝቅ ቢያደርጉት አየር ይገባበታል።

2. ጨለማ፣ ደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው ከግድግዳ አርቀው ይስቀሉ። ራሳቸው ወደ ታች የሚሆነው ዘንጉ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ነው። ወጥ ቤት አይሆንም፤ እንፋሎቱና የዘይቱ ጢስ ይቀመጥበታል። ቡና የሚፈላበት ሳሎንም ለዕጣኑ ሽታ ቢያምርም ጢሱ ነጩን ጂፕሶፊላ ያጠቁረዋል።

3. ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ዘንጉን ይስበሩት፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተጣመመ ይቆይ።

ጽጌረዳም በዚህ ዘዴ ይደርቃል፤ ይሁንና ይጨመደዳል፣ ይጠቁራልም። ያንን መልክ የሚወዱት ካሉ ችግር የለውም።

መ. ለአረንጓዴ ቅጠል ግሊሰሪን

አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ በጥብጠው በብልቃጡ ውስጥ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሙሉ። የበሰለ እንጂ ቀንበጥ ያልሆነ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በሰያፍ ቆርጠው፣ እንጨታማ ከሆነ ጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥቅጠው ያቁሙት። ቅርንጫፉ ውሃው በሚያልፍበት መንገድ ግሊሰሪኑን ይጠጣል፣ ውሃው ይተናል፣ ግሊሰሪኑ ቀርቶ ቅጠሉን ለስላሳ ያደርገዋል። አስቀድሞ የደረቀ ቅጠል መጠጣት ስለማይችል በዚህ አይሠራም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀለሙ እስከ ጫፉ ሲለወጥ ያውጡት፤ በቅጠሉ ላይ ጤዛ የመሰለ ጠብታ ከታየ ከልክ በላይ ጠጥቷልና በፍጥነት አውጥተው ይጥረጉት። እንዲህ የተዘጋጀ ቅጠል ለጉንጉንና ለእቅፍ እንጂ ለወረቀት ካርድና ለሬዚን አይሆንም፤ እርጥበቱን እየተፋ ያበላሻቸዋል።

ስለ ቀለም የሚጠበቀው

ቢጫና ብርቱካንማ ከሁሉም ይልቅ ይጸናሉ፤ አደይ አበባ ለጀማሪ የሚመረጠው በዚህም ነው። የሊሞኒየም ሐምራዊም ብዙ አይለወጥም። ቀይ ጽጌረዳ ውሃው ሲወጣ ቀለሙ ስለሚጠራቀም ወደ ጥቁር የቀረበ ጥልቅ ቀይ ይሆናል፤ ከደረቀ በኋላ ቀይ እንዲመስል ከፈለጉ ብርቱካን የሚያደላውን ቀይ ይጀምሩ። ነጭ ወደ ወተት ቀለም ያዘነብላል፣ ትንሽ የተቀጠቀጠ ቦታ እንኳ በላዩ ጎልቶ ይታያል። የሠርግ እቅፍ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ስለሆነ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ከቅሬታ ያድናል።

ማከማቸት

የደረቀ አበባ ከአየር እርጥበት መልሶ ስለሚጠጣ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በቆርቆሮ ወይም በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ከነዚያ የጫማ ሣጥን ከረጢቶች ጋር ይቀመጥ። ብል ገብቶበታል የሚል ጥርጣሬ ካለ በፌስታል አጥብቀው ቋጥረው በፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ያቆዩት። ካወጡት በኋላ ፌስታሉን ወዲያው አይፍቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሌሊቱን ይጠብቁ፣ አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው አበባ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፍበታል።

ወደ እጅ ሥራ ሲገባ

ለካርድ፦ ነጭ ኮላን በጥቂት ውሃ አቅጥነው በብሩሽ በእምብርቱ ጀርባና በቅጠሎቹ ሥር ብቻ ይቀቡ። መላውን ጀርባ ማርጠብ ደረቁን አበባ መልሶ ያላላዋል፣ ወረቀቱንም ያጎብጠዋል። በወረንጦ አስቀምጠው በንጹሕ ወረቀት ሸፍነው ኮላው እስኪደርቅ መጽሐፍ ይጫኑበት።

ለመስታወት ፍሬም፦ ጠፍጣፋው አበባ በመስታወቱና በካርቶኑ መካከል ይያዛል፤ ሙሉ ጽጌረዳ ግን ጥልቀት ያለው ሣጥን ይፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። መስታወት የሌለው ጌጥ ከሆነ ግልጽ ቫርኒሽ ስፕሬይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት በስሱ ሁለት ጊዜ ይርጩበት፤ ሥራው በረንዳ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሁን።

ለሬዚን፦ አበባው የሚደርቀው ለካርድ ከሚደርቀው በላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከተጫነም በኋላ ሁለት ቀን በሲሊካ ጄል ዕቃ ውስጥ ያቆዩት። የቀረው ውሃ በሬዚኑ ታፍኖ አበባውን ያጠቁረዋል፣ አረፋም ይፈጥራል። ከመግባቱ በፊት ፊቱንና ጀርባውን በስስ ኮላ ቀብተው ያድርቁት፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው አየር ይዘጋል። ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ ይለኩ፤ መለኪያው በክብደት ከሆነ በሚዛን፣ በይዘት ከሆነ በመለኪያ ኩባያ። በግምት ማጠንከሪያ መጨመር ቶሎ አያደርቀውም፣ እንዲያውም የሚጣበቅ አድርጎ ያስቀረዋል። ቀስ ብለው ያማስሉ፣ ስስ ንጣፍ አፍስሰው አበባውን ያስቀምጡ፣ እሱ ሲጠነክር ሁለተኛውን ይደርቡ። በአንድ ጊዜ ከተፈሰሰ አበባው ይንሳፈፋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ጥንቃቄ፦ ያልጠነከረ ሬዚን በቆዳ ላይ የማይለቅ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ጓንት ግዴታ ነው። መስኮት ይከፈት፣ ልጆች ይራቁ፣ ትርፉም በቧንቧ አይፈስስ፤ በኩባያው ውስጥ ጠንክሮ ይጣል።

ሻማ ላይ ለሚለጥፉ ደግሞ፦ ደረቅ አበባ እንደ ክር ይቀጣጠላል። በወፍራም ሻማ ውጫዊ ጎን ላይ ብቻ ይለጥፉት፣ ሻማውም ሲነድ ያለ ጠባቂ አይተው።

ሲበላሽ ምክንያቱን መለየት

ቡናማ ጥላ በቅጠሉ ሁሉ ላይ ከተሰራጨ ጋዜጣው በመጀመሪያው ቀን አልተቀየረም ማለት ነው። ጥላው በአንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ የውሃ ጠብታ ወይም የጣት ቅጥቃጤ ነው። ቅጠሎቹ የተሸበሸቡት ክብደቱ ስላልደረሳቸው ነው፤ ቀለበቱን ያስታውሱ። ሽታ ያለው ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ሻጋታ ነው፤ ያንን አበባ ከነወረቀቱ ይጣሉ እንጂ አራግፈው ከሌሎቹ ጋር አይመልሱ፣ ጣውላውንም ፀሐይ ያስመቱ። ሳይነካ የሚፈርስ አበባ በሲሊካ ጄል ከመጠን በላይ ቆይቷል፤ ለአንድ ሌሊት ክፍት አየር ላይ ቢውል ትንሽ እርጥበት ጠጥቶ ለመያዝ ይመቻል።

ካርዱን ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚልኩ ከሆነ አበባው ደርቆም ቢሆን የተክል ክፍል መሆኑን አይርሱ። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ የያዘውን የተክል ውጤት ሁሉ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው የዕፅዋት ቁጥጥር አላቸው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የመድረሻውን አገር ደንብ ይጠይቁ፤ በፖስታ የሚሄደውንም በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል አድርገው፣ አበባው የተለጠፈበትን ገጽ በስስ ወረቀት ሸፍነው ያሽጉት።